ባለ አምስት እግሯ በግ

ሰው የሚፈራውን ነገር ፈልጎ አያገኘውም፤ ለሌላ ጉዳይ በወጣበት መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል እንጂ። ወይዘሮ ሸዋወርቅም በዚያ ቅዳሜ ከቤታቸው የወጡት ለጤና አዳምና ለነጭ ሽንኩርት ነበር። የልጅ ልጃቸው ናዝራዊት ከትናንት ወዲያ አስነጥሳ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ በማስነጠስ የጀመረውን በሳንባ ምች ነው የሚጨርሰው።

ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በበግ ጸጉርና በባና ተራ በኩል ሲያቋርጡ ሳቅ ሰሙ። የገበያ ሳቅ አይወዱም። የሚሳቀው ሁልጊዜ በአንድ ምስኪን ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ያ ምስኪን የማን ልጅ እንደሆነ ሳያዩ አያልፉም። ቀረብ ቢሉ፣ ክር ከምትሸጠው ከአልታየች ፊት፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ የተቀመጠችው ናዝራዊት ናት! ነጠላ እንኳ አልደረበችም። ጉልበቷ ላይ ታብሌቷ፣ በእጇ ደግሞ በመስታወቱ ላይ የምትጭርበት ብዕር።

"ይቺ በግ ናት?" ትላለች አልታየች አንገቷን አስግጋ። "እግሯ አምስት ነውሳ!"

"አምስተኛው ላት ነው።"

"ላትማ እንዲህ ቀጥ ካለ በግ አይደለችም፤ የባንዲራ እንጨት ናት!"

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ሸዋወርቅን ከሁሉ በላይ ያንገበገባቸው ግን ናዝራዊትም አብራ መሳቋ ነበር። ክንዷን ይዘው ከገበያው አወጧት። ጤና አዳሙ በዚያው ተረሳ።

ቤት ደርሰው በረንዳው ላይ ፀሐይ ፊት ተቀመጡ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና ሊቆጧት ሲነሡ ድምፃቸው ይርበተበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጋቢ ደረቡላት፤ የተቆጡት ከዚያ በኋላ ነው።

"ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው ገበያ መሃል እንዲሳቅብሽ ነው?"

"እማማ፣ የሳቁት በእኔ አይደለም፤ በበጓ ነው።"

"በጓን ማን ሣላት?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያውስ!"

ናዝራዊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ታብሌቱን አጠገባቸው አኖረችው። በመስታወቱ ላይ የሚታየው ሕፃን በከሰል ግድግዳ ላይ የሞነጫጨረው ይመስላል፤ የተንጋደዱ ሣጥኖች፣ ድንች የሚያካክሉ ክቦች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄዱ ቀስቶች፣ ከላይ ደግሞ ያቺ ጉደኛ በግ።

"ይቺን ነው እሑድ ለአንኮበሮች የምታሳዪው?" አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ።

ስጋታቸው ያለ ነገር አልነበረም። በአንኮበር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሴቶቹ የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፤ ከተማ ያሉት ሸማኔዎች ብርድ የማያስገባውን ወፍራም ባና ይሠሩበታል። ሸማኔው ግን የትኛዋ ቤት የትኛው ክር ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ስለማያውቅ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አቀበቱን ወጥቶ፣ ሲደርስ ክሩ ተሽጦ ያገኛል፤ ባናው ከቀጠሮ ያልፋል፤ ገዢውም ይሸሻል። አምና ናዝራዊትና ጓደኞቿ ሴቶቹ በየቤታቸው ሆነው ያላቸውን ክር በስልክ የሚያስታውቁበትን መላ ሠርተው ነበር። ባለ ቀለም፣ ባለ ፎቶግራፍ፣ ዓይን የሚማርክ ሥራ! አንኮበር ላይ ሲታይ ያልመረቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ሰው አልተጠቀመበትም። ጓደኞቿ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። አሁን የፈታዮቹና የሸማኔዎቹ ማኅበር ለመጨረሻ ጊዜ "እስቲ ደግመሽ አሳዪን" ብሏታል። ከተቀበሏት ሥራዋን ደብረ ብርሃን ላይ ትቀጥላለች። ካልተቀበሏት አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ደጋግሞ እየደወለላት ነው፤ መሄዷ ነው። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ደግሞ ልጅቱ እዚሁ ቅርብ ጫጫ ድረስ ስትሄድ እንኳ እስክትመለስ እህል የማይወርድላቸው ሰው ናቸው።

"አዎን እማማ፤ ይቺኑ ነው የማሳየው።"

"እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ያንቺን ትምህርት አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ያላለቀ ባና ለባዳ አይታይም። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ዕቃውን በነጠላ ይሸፍነው ነበር። አንድም ዓይን እንዳይበላው፣ አንድም እጁ ገና መሆኑን እንዳያዩበት።"

"የአባትዎ ባና ግን ከጥንት ጀምሮ ባና ነው፤ ምን እንደሚመስል እሱም ገዢውም ያውቁታል። የእኔ ሥራ ገና ስም የለውም። ሰው ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ ምን ይይ? የቱን ይንካ? ሲነካውስ ምን ይምጣለት? ይህን ነው የማቅደው። ያላወቅሁትን ከሸፈንኩት ማን ይነግረኛል?"

"እሺ፣ ይሁን። ለትልቅ ሰው ግን ያልታጠበ ብርሌ ይቀርባል? ይህን ጭረት ፊታቸው ስታኖሪ 'ንቃናለች' አይሉም?"

"እማማ፣ እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ የት ያስቀምጡታል?"

"ሳሎን ነዋ።"

"ወጡ ጨው ቢያንሰው ይነግርዎታል?"

"በምን አፉ! 'እጅዎ ይባረክ' ብሎ ይበላታል እንጂ።"

"ወዳጅዎ እትዬ ፍቅርተማርያም ቢመጡስ?"

"እሷማ ማጀት ገብታ ክዳኑን አንሥታ ነው የምትቀምሰው! ጨው አነሰ ብላ ራሷ ትጨምርበታለች።"

"አምና አንኮበሮችን ሳሎን አስቀመጥኳቸው፤ እጅሽ ይባረክ አሉኝ፣ ሄዱ። ዘንድሮ ማጀት ላስገባቸው ነው።"

ይህች ንግግር ወይዘሮ ሸዋወርቅን ነካ አደረገቻቸው። የተነኩ መሆናቸውን ግን ማሳየት አልፈለጉም፤ የፈራ ሰው ቶሎ እጅ ከሰጠ ፍርሃቱ የት ይሂድ?

"ከሆነስ ወረቀት አይበቃም?" አሉ። "ዓይንሽን በዚህ መስታወት ከምታጠፊው።"

"ወረቀትም ደግ ነው፤ እኔም ስጀምር በወረቀት ነው። ግን ይዩልኝ።" ብዕሩን አነሣች። "ይችን ሣጥን ወደ ታች ላውርዳት ብል፣ ወረቀት ላይ ሁሉንም እንደገና መሣል ነው። እዚህ ግን ገጿን እቀዳና አንዷን ብቻ አነሣታለሁ፤ የፊተኛዋም አትጠፋም። ሐሳቤ ከከሸፈ ወደ ድሮዋ እመለሳለሁ። ስለዚህ ለመሳሳት አልሰስትም። ደግሞ ይችን ድንች የመሰለች ክብ ይንኳት እስቲ።"

"አልሰብረውም?"

"ይንኩ።"

ወይዘሮ ሸዋወርቅ በሌባ ጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ፈጥነው እጃቸውን ሰበሰቡ። የመጀመሪያው ሥዕል ሄዶ ሌላ የተንጋደደ ሥዕል መጣ።

"ውይ በስመ አብ! ታዘዘ!"

"ገና ምንም አልተሠራም እኮ፤ ሥዕሉን ከሥዕሉ ጋር አሰርኩት እንጂ። ሰው ግን እንደ ተሠራ አድርጎ ይሞክረዋል። የሚያደናቅፈው ነገር ካለ ዛሬ በጭረቱ ላይ ያደናቅፈው፤ ወራት ከተለፋበት በኋላ ከሚያደናቅፈው።"

"መስመሩን እንኳ ብታቃኚው ምናለ?"

"ራሱ የሚያቃናልኝ መላ አለው። አጥፍቼዋለሁ።"

"አጥፍቼዋለሁ!" አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ወደ ሰማይ አንጋጠው። "ስማ እንግዲህ ጌታዬ! የሚያቃናላትን አጥፍታ ትጎብጣለች!"

"መስመሩ ሲቃና ሰው ያለቀ ይመስለዋል። ያለቀ ሲመስለው ዝም ይላል። እማማ፣ አባባ ኃይለኢየሱስ ይህን ቤት ሲሠሩ መጀመሪያ ምን አደረጉ?"

ስለ ባላቸው ሲነሣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሁልጊዜ ለስለስ ይላሉ። "በገመድ ለካ፣ ካስማ ተከለ። ከዚያ በመስመሩ ላይ አመድ በተነ።"

"ጎረቤት አየው?"

"መንገድ ላይ አይደለ? ያላየው የለም። በሩ በዚያ በኩል ነበር፤ አንድ አላፊ አግዳሚ ቆሞ 'ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ክረምት የሚመጣውን ነፋስ በበር ልትቀበሉት ነው? አዙሩት!' አለ። እውነቱን ነው ብሎ አመዱን በእግሩ ጠርጎ በሩን ወደዚህ አዞረው።"

"ግድግዳው ቆሞ፣ ተለስኖ፣ ተቀብቶ ቢሆንስ? ያ መንገደኛ ምን ይል ነበር?"

"ምን ይላል? 'እንኳን ደስ ያላችሁ' ብሎ ያልፋል።" ልጅቱን አዩ፣ ታብሌቱን አዩ፣ ከበሩም ጋር ተያዩ።

"ይቺ አመዴ ናት" አለች ናዝራዊት።

ይሁን እንጂ ሰው በክርክር ተረታ ማለት ፍርሃቱ ለቀቀው ማለት አይደለም። ወይዘሮ ሸዋወርቅ በዚያው ተማፀኑ፤ "እሺ ስለ እኔ ስትዪ፣ መጀመሪያ ያን የአምናውን የሚያምረውን አሳዪያቸው። ካልሆነ ይሄን ታወጪዋለሽ። ልጅቱ መሥራት አትችልም እንዳይሉ ነው።" ናዝራዊትም አሳዳጊዋን ማስከፋት አልሆነላትምና እሺ አለች።

እሑድ ማለዳ መናኸሪያ ሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ሹፌሩን "ልጄ፣ ቀስ በል፤ ቀድመን ብንደርስ የሚሸልመን የለም" አሉት። አንኮበር ሲደርሱ ጉሙ ከቆላው እየተንሳፈፈ ከአፋፉ ላይ ወጥቶ ነበር። ከቅዳሴ መልስ የማኅበሩ አዳራሽ በፈታዮችና በሸማኔዎች ሞላ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም የወይዘሮ ሸዋወርቅ አብሮ አደግ ናቸው። ከሸማኔዎቹ ደግሞ ሁሉም የሚፈራው አቶ ወልደተንሣኤ ነበር፤ ምላሱ ከመወርወሪያው ይፈጥናል።

የአምናው ሥራ ታብሌቱ ላይ ተከፍቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። "ወርቅ የመሰለ ሥራ!" አለ አንዱ። "እጅሽን ይባርከው" አለች ሌላዋ። አቶ ወልደተንሣኤ እንኳ "ምን ይወጣለታል!" ብሎ፣ እንዳይሰበርበት እንደሚሰጋለት የሰው ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ለጎረቤቱ አቀበለ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ደስ ብሏቸው ናዝራዊትን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። አየሽ? ማለታቸው ነው።

"ምን ይጨመርበት? ምንስ ይቀነስ?" አለች ናዝራዊት።

"ምን ጎድሎት!"

"እሺ፤ ከነገ ጀምሮ ማን ይጠቀምበታል?"

ያ ሁሉ የመረቀ ሰው የጫማውን አፍንጫ መረመረ። በመጨረሻ ሊቀመንበሯ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ያምራል ልጄ፤ እግዜር ይስጥልን" አሉ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ይህችን አነጋገር ያውቋታል! አንድ የፋሲካ ዕለት ለፍቅርተማርያም አበባ ያለበት ሻሽ ሲሰጧቸው የተመለሰላቸው ቃል ይኸው ነበር፤ "ያምራል፤ እግዜር ይስጥልኝ።" ያ ሻሽ ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድም ድግስ፣ በአንድም ለቅሶ ታይቶ አያውቅም። አሁንም የልጅ ልጃቸው ልፋት ያ ሻሽ በገባበት ሳጥን ሊገባ ነው። ልጅቱም አዲስ አበባ። ራሳቸውም ሳያውቁት ብድግ አሉ።

"ፍቅርዬ፣ ሻሹንም እንዲሁ ነበር ያልሽኝ!"

"የትኛውን ሻሽ?"

"ይኸውና!" አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ወደ ሕዝቡ ዞረው። "የትኛውን ሻሽ ትላለች! ስሙኝ ወገኖቼ፤ እኛ ያለቀ ነገር ሲቀርብልን ይሉኝታ አፋችንን ይሰፋዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ናዝሬ፣ ያንን ጎርባጣውን አውጪው።"

ናዝራዊት አወጣችው። አቶ ወልደተንሣኤ ዓይኑን አጠበበ። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? አምስት እግር—"

"አምስተኛው ላት ነው!" አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ። "አይተህ የማታውቅ ይመስል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁም ይሉኝታው አብሮ ፈረሰ፤ ያ እንደ ብርጭቆ ሲፈራ የነበረው ታብሌት አሁን ሦስት አራት እጅ ያረፈበት ገበታ ሆነ።

"ልጄ፣ ክር ስትዪ አንድ ዓይነት ነው የሚመስልሽ?" አለ አቶ ወልደተንሣኤ። "ድሩ ጠንክሮ ይፈተላል፣ ማጉ ላላ ይላል። ይሄ ሥዕልሽ ክር ይላል ብቻ። የላላውን ክር ድር ብዬ ብዘረጋው እየተበጠሰ ያስለቅሰኛል!"

"ይሣሉት ጋሼ፤ ብዕሩ ይኸው።"

"እኔ? እኔ መወርወሪያ እንጂ ብዕር ጨብጬ…"

"ከእኔ በግ የከፋ አይሣሉም።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለና ሁለት መስመር ሠራ፤ አንዱን ቀጥ ያለ፣ አንዱን ጥምዝምዝ። ቀጥ ያለው ድር፣ ጥምዝምዙ ማግ። ማንበብ የማትችል ሴት እንኳ አይታ የምትለየው ምልክት በዚያች ቅጽበት ተወለደ።

"ቀለሙስ?" አለች አንዲት ፈታይ ከኋላ። "ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው እንዴ የምንፈትለው? ዳልቻውን የት ጣልሽው?" ናዝራዊት ገጿን ቀድታ ዳልቻውን ጨመረች፤ አላማራቸውም፤ ወደ ድሮዋ ተመልሳ ሌላ ቦታ አኖረችው፤ አማራቸው። እንዲህ ዓይናቸው እያየ የጠየቁት ሲሆን ሲያዩ መጠየቅ ጣማቸው።

ከዚያ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ታብሌቱን ተቀበሉና ከአምናው ሥራ የመጣችውን የመጀመሪያዋን ጥያቄ ጮክ ብለው አነበቡ። "'ስንት በግ አለዎት?'" ብዕሩን አነሡ፤ በጥያቄዋ ላይ ወፍራም መስመር ከዳር እስከ ዳር ጎተቱባት። "ይቺ ነች የገደለችው።"

"እንዴት እትዬ?" አለች ናዝራዊት።

"በግ ይቆጠራል እንዴ ልጄ? ከብትና ልጅ ቆጥሮ 'ይህን ያህል አለኝ' የሚል የት አየሽ? አምና ስልኬን ከፈትኩ፤ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ስንት በግ አለዎት አለኝ። ዘጋሁት። እዚህ ያለው ሁሉ ዘግቶታል።"

"እውነት ነው!" አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

"ታዲያ አምና ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"በዚያ ወርቅ በመሰለ ነገር ላይ? ነውር አይደለም እንዴ!"

ናዝራዊት ቀስ ብላ ወደ አሳዳጊዋ ዞረች። "እማማ፣ እርስዎስ? አምና አይተውት ነበር እኮ።"

ወይዘሮ ሸዋወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ አፍተለተሉ። "አይቼው ነበር። ደስም አላለኝም። ግን ያለቀ መሰለኝ ልጄ፤ የተቀባ ቤት መሰለኝ።"

ከዚህ በኋላ ክርክር ምን ያደርጋል? በሩ በየት በኩል መሆን እንደነበረበት አምና ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አመዱን ያየ ግን አልነበረም።

"ታዲያ በጉ ካልተቆጠረ ክሩን እንዴት ትነግሩታላችሁ?" ስትል ናዝራዊት ጠየቀች። መልሱን ያመጡት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው። ብዕሩን ይዘው ሦስት ልቃቂት ሣሉ፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። "ትልቁን የነካች፣ ለሙሉ ባና የሚበቃ ክር አላት። መካከለኛው ለግማሽ። ትንሹ ጥቂት ነው። ማን ምን ቆጠረ?" ወይዘሮ ፍቅርተማርያም እልል አሉ። አቶ ወልደተንሣኤ ትልቁን ልቃቂት ነካ፤ ናዝራዊት በመካከሉ ሥዕሎቹን አስራቸው ኖሮ "ጥቁር ድር፣ ፍቅርተማርያም ቤት" የሚል የተንጋደደ ገጽ ወጣለት። ጭብጨባው ከአዳራሹ አልፎ ከውጭ ተሰማ።

"ሊቀመንበር" አለ ወልደተንሣኤ ተነሥቶ፣ "ይሄኛውን አንመርቀውም። የራሳችንን ሥራ ማን ይመርቃል? እንጠቀምበታለን እንጂ!"

እንዳለውም ሆነ። ጭረቶቹ ወደ እውነተኛ ሥራ ሲለወጡ የተጣለ ገጽ አልነበረም፤ የሚጣለው ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ተጥሏልና። ክረምቱ ሳይገባ የመጀመሪያው የባና ትእዛዝ ከቀጠሮው ቀድሞ ደረሰ። ወልደተንሣኤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ክር መኖሩን አውቆ ሆነ፤ ፈታዮቹም ክራቸው ገዢ ሳያገኝ አይከርምም። ናዝራዊት ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሥራዋን ከፈተች፤ ሄደው የነበሩት ጓደኞቿም ተመለሱ። የደነባ ገበሬዎች ደግሞ "እኛንም አመድ በትነሽ ጠይቂን" ብለው ላኩባት። ይህችን "አመድ መበተን" የምትለዋን አነጋገር ያስፋፉት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው። ጎረቤት ልጁን ሊድር፣ ሱቅ ሊከፍት፣ አጥር ሊያጥር ሲመክር፣ "ሸፍነህ አትጨርሰው፤ ገና አመድ ሳለ አሳየን። ያን ጊዜ የሚሳቅብህ ሳቅ መድኃኒት ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚመረቅልህ ምርቃት ግን ሻሽ ነው" ይሉታል።

አንድ ነገር ብቻ አልተቃናም። ናዝራዊት በመጨረሻ ሸጋ በግ አሥላ ብታመጣ አንኮበሮች አሻፈረን አሉ። "የኛይቱን መልሺ!" ስለዚህ ያቺ ባለ አምስት እግሯ በግ በየስልኩ ላይ ቀረች፤ በየባናው ጠርዝ ላይም ተጠለፈች።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ለጤና አዳም ወጥተው በባና ተራ ሲያልፉ፣ አልታየች ለአንድ የሩቅ አገር ሰው ባና ዘርግታ አገኟት። ሰውየው ጠርዙን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይቺ በግ እግሯ አምስት ነውሳ!" አለ። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ተሸካሚውም ወደ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ዞሮ መልሳቸውን ጠበቀ።

የገበያ ሳቅ የማይወዱት ሴት፣ ዘንቢላቸውን መሬት አኑረው፣ ከሁሉም ቀድመው ሳቁ።